የአሮጊቷ ጉሮሮ

አባቴና አጎቴ አያቴን ሊመርዟት ማሰባቸውን የደረስኩበት በእናቴ የኬክ መጋገሪያ ምክንያት ነው።

መጋገሪያው ትንንሽ ክብ ጉድጓዶች ያሉት፣ እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ የጫካ እንጆሪ ኬክ የምታወጣበት ነበር። በዚያ የጥቅምት ቅዳሜ ግን ከመደርደሪያው ጠፋ። እናቴ ወጥ ቤቱን አተራምሳ ስታበቃ በመስኮቱ ብቅ ብላ "ቨርን፣ መጋገሪያዬን አላየህም?" አለች። አባቴ ከጓሮው ዕቃ ቤት ሆኖ "ኧረ እኔ ምኑን አውቄ" ሲል መለሰላት። አባቴ ሲዋሽ ድምፁ ይቀጥናል። ያን ቀን ቀጥኖ ቀጥኖ የእኔን ድምፅ አክሎ ነበር።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ በነገር ሁሉ እጠረጥራለሁ። ይህንንም ያስተማረችኝ ራሷ አያቴ ኦፓል ናት። ካርታ ስንጫወት የበወዝኩትን መልሳ ትበውዛለች። ሥጋ ሻጩ የመዘነላትን ቤት አምጥታ እንደገና ትመዝናለች። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ ዳርላ" ትለኝ ነበር። እንግዲህ እንዲህ ያደግኩ ልጅ አባቴ ሲዋሽ እየሰማሁ አርፌ አልቀመጥም። በእንጨት ክምሩ በኩል ዞሬ የዕቃ ቤቱ ሳንቃ በተሰነጠቀበት ላይ አንድ ዓይኔን ለጠፍኩ።

አባቴ በጋዝ ምድጃው ላይ የብረት ድስት ጥዷል። ታናሽ ወንድሙ አጎቴ ዱዌይን የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ከአሮጌ የውኃ ቧንቧ የተቆራረጠ ግራጫ ነገር ያቀብለዋል። አባቴ የሻማ ቁራጭ ድስቱ ውስጥ ሲጥል ጢሱ ቦግ ብሎ ተያያዘ። ከላይ የሰፈፈውን ጥቁር እድፍ በማንኪያ ገፈፈውና ከሥሩ እንደ መስታወት የሚያበራ ነገር ወጣ። ያንን በጭልፋ እየቀዳ ጠፋ በተባለው መጋገሪያ ሞላው። ቆየት ብሎ ገልብጦ መታ ሲያደርገው የብር ኬኮች ጠረጴዛው ላይ ተንከባለሉ።

እናቴ መኸር በመጣ ቁጥር የምትለው አንድ ነገር ነበራት፤ "እርሳስ መርዝ ነው፤ እጃችሁን ሳትታጠቡ ወደ ገበታዬ እንዳትጠጉ።" እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት እርሳሴን የማኝክ ልጅ ስለነበርኩ ይህ ቃል ከማንም በላይ የሚያስፈራው እኔን ነበር። ያ መርዝ አሁን በኬክ መጋገሪያ እየፈሰሰ ነው። ዓይኔን አንስቼ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

"ለአሮጊቷ ጠንካራ አልሰጣትም" ይላል አባቴ። "ጉሮሮዋን አላየኸውም? ተበልቶ አልቋል። ጠንካራ ብትሰጣት አይዝላትም፤ በዳር በዳሩ ያፈተልክባታል።"

"ለስላሳውስ?"

"ለስላሳው ከኋላ ገፋ ሲያደርጉት ያብጥና ጉሮሮዋን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋዋል። እኛስ የምንፈልገው እሱን አይደል?"

"ሽማግሌውስ?"

"ሽማግሌው ጠንካራውን ያለ ችግር ነው የበላው። አንድም ቀን አላስቸገረን።"

አጎቴ ዱዌይን ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፍቶ ግንባሩን አከከ። "እማዬ ብታውቅስ?"

"ከየት ታውቃለች?"

"አንተ ሰውዬ፣ ያቺ ሴትዮ እኮ ገና እኛ ሳናስበው ነው የምታውቀው።"

"እንግዲህ ካወቀች ልቧ ይሰበራል። እስከ መጨረሻዋ ድረስ እንዳታውቅ። ማልልኝ።"

አጎቴ ማለ። እኔ በእንጨት ክምሩ ላይ ዝርፍጥ ብዬ ቀረሁ። አሮጊቷ ማን እንደሆነች መጠየቅ አላስፈለገኝም። አያቴ በበጋው ጉሮሮዋን ተቀድዳ፣ አንገቷን በሻሽ ጠምጥማ፣ ከእኛ ጋር ምድር ቤት ተኝታ የአጃ ገንፎ ብቻ ትበላ ነበር። ሽማግሌውም ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ወንድ አያቴ ከሁለት ክረምት በፊት ሞቷል። ልቡ ነው ብለውን ነበር።

ዛሬ ጠመንጃም ጉሮሮ እንዳለው አውቃለሁ። ጥይቱ ከተቀመጠበት ወደ አፈሙዙ የሚገባበት ቦታ ነው፤ ብዙ የተኮሰ ጠመንጃ እዚያ ጋ ይበላል። አሮጊቷና ሽማግሌው አያቶቼ በተጋቡ ዓመት አብረው የገዟቸው መንታ ጠመንጃዎች ነበሩ፤ የሁለቱም አረር የሚወጣው ከአንድ መቅረጫ ነው። አሮጊቷ የአያቴ ናት፤ ሽማግሌው ደግሞ ወንድ አያቴ ከሞተ ወዲህ የአጎቴ ዱዌይን ነው። ይህን በቤታችን የማያውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ለምን ብለው ይንገሩኝ? ጠመንጃዎቹ ያሉበት ቁም ሣጥን ሁልጊዜ ይቆለፋል።

አባቴና አጎቴ ለቡና ወደ ቤት ሲገቡ እኔ ወደ ዕቃ ቤቱ ገባሁ። ጥግ ላይ የከተማችን ጋዜጣ አሮጌውን ማተሚያ ሲጥል አባቴ ለምኖ ያመጣው ሣጥን ተቀምጧል። ውስጡ በየመስመሩ ፊደል የተቀረጸባቸው ቀጫጭን የብረት ዘንጎች ሞልተውታል። ጠንካራ የሚሉት እሱን፣ ከሌላ ብረት ጋር የተቀላቀለውን እርሳስ ነው። ጽሑፉ ግልብጥ ስለሆነ ከላይ ያገኘሁትን አንዱን ኪሴ ከትቼ መታጠቢያ ቤት ገባሁና ለመስታወቱ አሳየሁት። እንዲህ ይላል፤ "ከረጅም ሕመም በኋላ በቤታቸው አርፈዋል።"

ገና ሳይገድሏት የሞት ዜናዋን አስቀርጸውላታል።

ያለ ማንኳኳት አያቴ ክፍል ገባሁና ማንኪያውን ከእጇ ነጠቅኳት። "እማማ፣ ገንፎውን አትብዪው። አባዬና አጎቴ ዱዌይን እርሳስ ሊያበሉሽ ነው።"

ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅብኝ ነበር። አያቴ ግን እንዲህ ያለ ነገር ሲነግሯት የምትስቅ ሴት አይደለችም። ሳህኑን ወደ ጎን አደረገች። "በሩን ዝጊ" አለች በዚያ በሻከረ ድምጿ። "አሁን አንድም ቃል ሳትጨምሪ፣ አንድም ቃል ሳትቀንሺ ያሉትን ንገሪኝ።"

ነገርኳት። ስለ አሮጊቷ ጉሮሮ ስነግራት ከንፈሯ ጫፍ ላይ አንድ ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋ። ስለ ሽማግሌው ስነግራት ግን ፊቷ ጠቆረ።

"ለሽማግሌውም እየሠሩ ነው አልሽ?"

"አዎ። ጠንካራውን።"

"ዱዌይን ዘንድሮ አደን አልወጣም፣ ወገቤን አሞኛል አላለም?"

"ብሏል።"

ያን ጊዜ የገረመኝ አንድ ነገር አለ፤ መርዙ ሳይሆን ዱዌይን አልወጣም ማለቱ ነበር የከነከናት። በዚያ ዓመት በእኛ ሸለቆ ወንድ አጋዘን የመጣል ዕጣ የወጣው ለእሷ ብቻ ነበር። ሐኪሙ ከአልጋ እንዳትወርድ ብሏት ነበር። እሷ ደግሞ ሳልተኩስ አልሞትም ብላ፣ እናቴ አልቅሳ፣ አባቴ ራሱን ነቅንቆ፣ በመጨረሻ አባቴ መኪናው አጠገብ ወንበር ዘርግቶላት እንድትሞክር ተስማምተዋል። የዚህ ሁሉ ትርጉም አልገባኝም። እኔ የማየው አንዲት አሮጊት፣ ሁለት ወንድ ልጆችና አንድ ድስት እርሳስ ነው።

"እኔን እንደ ሕፃን ሊያታልሉኝ" አለች ለራሷ። "በገዛ ዕጣዬ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ስሚኝ ዳርላ። መርዝ ከሆነ መርዙ የቱ እንደሆነ ማወቅ አለብን። አረሮቹን ቀርጸው ሲጨርሱ ከሁለቱም አንድ አንድ አምጪልኝ። ማንም እንዳያይሽ። ለእናትሽም ቢሆን ቃል እንዳትተነፍሺ።"

በማግሥቱ እሑድ ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ሳሉ፣ እኔ ሆዴን አሞኛል ብዬ ቀርቼ፣ ሁለት አረር አመጣሁላት። ሁለቱም እንደ አውራ ጣቷ ጫፍ የወፈሩ፣ በሰምና በሞራ የተለወሱ ነበሩ። አያቴ በሻሿ ጫፍ ጠረገቻቸው። በጥፍሯ ጫን ጫን አለቻቸው። አንዱ ጥፍሯን ተቀበለ፣ አንዱ እምቢ አለ። ከዚያ የሻይ ሳህኗን ገልብጣ አንድ በአንድ ጣለቻቸው። የመጀመሪያው ድፍት አለ፣ ድምፅ የለውም። ሁለተኛው ቅጭል ብሎ እንደ ትንሽ ደወል ጮኸ።

"ይሄ ደንቆሮው ነው፣ ይሄ ዘፋኙ" አለችኝ። "ደንቆሮው ንጹሕ እርሳስ ነው። ዘፋኙ የጋዜጣው ፊደል።"

"መርዙ የቱ ነው?"

ሁለቱን በጣቶቿ መካከል ብዙ ጊዜ አንከባለለቻቸው፤ ዓይኗን ጨፍና ነበር። "ቨርን ስለ ጉሮሮ ምን ያውቃል?" አለች በመጨረሻ። "ጉሮሮ ለሰፋበት የሚበጀው ወፍራም ነው እንጂ ለስላሳ አይደለም። ፊደሉ ሲቀዘቅዝ ብዙም አይሰበሰብም፤ ወፍሮ ነው ከመቅረጫው የሚወጣ። አያትሽና እኔ ይህን ስናውቅ እነሱ ገና ዳይፐር ላይ ነበሩ።"

እኔ ስለ ገንፎ የምታወራ መስሎኝ ነበር። ወፍራም ገንፎ ከቀጭን ይሻላል ማለቷ ነው ብዬ በልቤ ያዝኩ።

"አረሮቹን የት አኖሯቸው?"

"በሁለት የቡና ጣሳ። ክዳኑ ላይ አባዬ ጽፎበታል፤ አንዱ ላይ 'አሮጊቷ'፣ አንዱ ላይ 'ሽማግሌው'።"

"ጣሳዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው?"

"አንድ ዓይነት።"

አያቴ ፈገግ አለች። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ጥርሷን ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። "እንግዲያው ክዳኖቹን አለዋውጪያቸው።"

ትንሽ አሰብኩበት። "የአንቺ መርዝ ለሽማግሌው ይድረስ ማለት ነው?"

"ለሽማግሌው ይድረስ።"

ሽማግሌው ደግሞ ሞቷል፤ ሙት አይመረዝም። ሒሳቡ ተስማማኝ። ሮጬ ሄጄ ክዳኖቹን አለዋወጥኩ። ለብዙ ዓመታት አያቴ ይህን ያደረገችው የፈራች ልጅ ለማረጋጋት ይመስለኝ ነበር፤ ሲያድጉም ቢሆን አንዳንድ ሞኝነት ከሰው አይለቅም።

በዚያው ሳምንት አባቴ ከሁለቱ ጣሳዎች አረሮቹን እያወጣ ቀለሆቹ ላይ ሲተክል አጠገቡ ቆሜ ነበር። ለአሮጊቷ ባሩዱን ቀነስ አደረገ፤ "ትከሻዋን እንዳይጎዳት" አለ፤ እኔም እርሳስ የበላ ሰው ትከሻውን ያመዋል ማለት ነው አልኩ። ለሽማግሌው እስከ አፉ ሞላለት። አረሮቹ ከነሰማቸው ስለሆኑ አንዱን ከአንዱ የሚለይ ነገር አልነበረም፤ አባቴም የራሱን ጽሑፍ የሚጠራጠር ሰው አይደለም። በዚህ እናቱን አልመሰለም። አያቴ ሁሉን ትጠረጥራለች፣ እሱ ምንም።

እኔ ግን እሱን መጠርጠሬን አልተውኩም። ገንፎዋን ቀድሜ እቀምስላት ጀመር። አባቴ ጧት ፓንኬክ ሲሰጠኝ አሸትተዋለሁ። "ምን ሆነሻል፣ ውሻ ሆንሽ እንዴ?" ይለኛል። ዓይኔን ከዓይኑ ሳልነቅል እጎርሳለሁ። እወደው ነበር፤ የከበደኝም እሱ ነው። የሚወዱትን አባት በየጧቱ እየጠረጠሩ መብላትን የመሰለ ነገር የለም።

የአደኑ ቀን ብርድ ነበር። አባቴ መኪናውን በታጨደው ሣር ሜዳ ዳር አቆመ። ለአያቴ ወንበር ዘረጋላት፣ ብርድ ልብስ ጠቀለለላት፣ ከፊቷ የእንጨት መደገፊያ ተከለላትና ከመኪናው ጀርባ አንድ ረጅም ነገር በጨርቅ እንደተጠቀለለ አምጥቶ ጭኗ ላይ አኖረላት። እኔ መኪናው ውስጥ ሆኜ በመስኮቱ አያለሁ። ከኋላችን ወንዙን ተከትሎ የበቀለ አኻያ አለ። እዚያ ውስጥ አንድ ቅርንጫፍ ነፋስ ሳይኖር ሲነቃነቅ አየሁ። ለአባቴ አልነገርኩትም። ለሚጠረጥሩት ሰው ምን ይነገራል?

ፀሐይ ስትወጣ አጋዘኖቹ ወረዱ። ከፊት ሴቶቹ፣ ከኋላ ወንዱ፤ ከወይፈን የሚተልቅ፣ ከአፉ እንፋሎት የሚወጣ። አያቴ ጉንጯን ከጠመንጃው ጋር አጣበቀች። እጇ ለወራት ማንኪያ ሲይዝ ይንቀጠቀጥ ነበር። አሁን አልተንቀጠቀጠም። አባቴ በዚያ ብርድ ባርኔጣውን ከራሱ ላይ አወለቀ።

ተኩሱ ድርብ ነበር። አንዱ ከፊቴ፣ አንዱ ከኋላዬ። ወንዱ አጋዘን ሁለት እርምጃ ተራምዶ ጉልበቱ ተሰበረ፤ ወደቀ።

"ሁለት ጊዜ ጮኸ" አልኩ በመስኮቱ።

"የገደል ማሚቶ ነው" አለ አባቴ። ድምፁ ቀጠነ።

አያቴ ወደ ኋላዋ ወደ አኻያው አንድ ጊዜ እንኳን አልዞረችም። ጠመንጃውን ጭኗ ላይ አኖረችና "ማሚቶው ሳል አለበት" አለች። እውነትም አኻያው ውስጥ አንድ ሰው ሳለ።

ትንሽ ቆይቶ አጎቴ ዱዌይን "ተኩስ ሰምቼ ነው የመጣሁት" እያለ ከመንገዱ በኩል ብቅ አለ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር። አባቴና እሱ አጋዘኑን ሲገፉ ቀዳዳው አንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ። አረሩ ትከሻውን በስቶ፣ ልቡን አልፎ፣ በወዲያኛው ጎን ቆዳው ሥር ተቀምጧል። አጎቴ አወጣውና ደሙን በሱሪው ጠረገ። በአውራ ጣቱ ጥፍር ጫን አለው። ከዚያ አባቴን ቀና ብሎ አየው። አባቴም አየው። ያን አተያይ አልረሳውም። በልጅ ልቤ ነፍሰ ገዳዮች እንዲህ ነው የሚተያዩት አልኩ።

"ለእኔ" አለች አያቴ እጇን ዘርግታ።

ሰጧት። እሷም የሻይዋን የቆርቆሮ ክዳን መሬት ላይ ገልብጣ አረሩን ጣለችበት። ቅጭል አለ። ልጆቿን አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ሁለቱም እግራቸውን ያያሉ። እሷም "ጥሩ" ብቻ አለች።

በአገራችን ደንብ የወንድ አጋዘን ሁለቱ የዝሆን ጥርስ መሳይ ጥርሶች የገዳዩ ናቸው። አባቴ ነቅሎ ሲሰጣት አያቴ አንዱን ኪሷ ከተተች። ሌላውን ለአጎቴ ዱዌይን ወረወረችለት። "ምን አድርጌ?" አለ፣ ፊቱ ቲማቲም መስሎ። "ለድካምህ" አለችው።

ከዚያ በኋላ ስላለው ሳምንት የማስታውሰው አጎቴ ዱዌይን በረንዳችን ላይ ተቀምጦ ጠመንጃውን ሲፈትግ ነው። ዘንጉን ከአፈሙዙ በጎተተ ቁጥር የብር ቅርፊት ይረግፋል። "ፊደሉ አፈሙዝ ውስጥ እርሳስ አይለቅም አላልከኝም?" ይለዋል አባቴን።

"አይለቅም።"

"ታዲያ ይሄ ምንድነው፣ በረዶ ነው?"

"ባሩዱ በዝቶ ይሆናል።"

አጎቴ ይሳደባል፣ ይፈትጋል፤ እኔ ደግሞ ለሽማግሌው የላክነው መርዝ ወደ አጎቴ ዞረ ብዬ በሩቁ እጠብቃለሁ።

አያቴ የዚያን አጋዘን ሥጋ የቀመሰችው በመረቁ ብቻ ነው። በረዶው ሳይቀልጥ ሞተች። ከመሞቷ ጥቂት ቀን በፊት አረሩን መዳፌ ላይ አኑራ ጣቶቼን አጠፈቻቸው። "ይህን ያዢ። ዱዌይን አንድ ቀን አፉ ያመልጠዋል። ያን ቀን ጣይለት።" ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። መርዙ በመጨረሻ አገኛት ብዬ እያለቀስኩ ነበር።

ከቀብሯ በኋላ፣ ጎረቤቶች ያመጡት ምግብ ገና ሳያልቅ፣ አባቴ የቁም ሣጥኑን ቁልፍ አውጥቶ "ዳርላ፣ አሮጊቷን አምጪልኝ፤ ዘይት እንቀባት" አለኝ። ጮኼ እናቴ ቀሚስ ውስጥ ገባሁ። ነገሩ ሁሉ የተፈታው ያን ቀን ነው። አባቴ ጠመንጃውን አቅፎ ወለሉ ላይ ተቀመጠና እየሳቀ ዓይኑን ይጠርግ ጀመር፤ "ስለዚህ ነው ፓንኬኬን የምታሸቺው?" አለኝ። ሳቁ የኋላ ኋላ ለቅሶ ሆነ። እኔም ያኔ ጥርጣሬዬ አበቃለት ብዬ ነበር። የክዳኖቹን ነገር ግን፣ አያቴ ቃል እንዳትተነፍሺ ስላለችኝ፣ ለማንም አልነገርኩም።

አባቴን ባለፈው ጥቅምት ቀበርነው። ሰዉ ሲሄድ እኔና አጎቴ ዱዌይን ወጥ ቤቱ ውስጥ ብቻችንን ቀረን። አርጅቷል፤ እጁ ጠርሙሱን ሲያነሳ እንደ ያኔዋ አያቴ ይንቀጠቀጣል። የሰዓቱ ሰንሰለት ላይ ያቺ ጥርስ ተንጠልጥላለች። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል እንዲሉ፣ ሦስተኛው ብርጭቆ ላይ ሲደርስ አፉ ተከፈተ።

"ቨርን አስምሎኝ ነበር" አለ። "እሱም ሄደ፤ እንግዲህ ልንገርሽ። ያንን አጋዘን የጣልኩት እኔ ነኝ።"

ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ።

"አኻያው ውስጥ ነበርኩ። ቨርን ባርኔጣውን ሲያወልቅ፣ እሷ ስትተኩስ፣ እኩል ተኮስኩ። ዕጣዋ ባዶ እንዳይቀር ነው። በዚያ እጇ ምን ትመታለች ብለን። የእሷ ለስላሳው ነበር፣ የእኔ ጠንካራው። ያወጣሁት አረር ጥፍር አላስገባም፤ ያኔውኑ አውቄያለሁ። እሷ ግን ገደልኩ ብላ ደስ ብሏት ሞተች። በሕይወቴ ሠራሁ የምለው አንድ ደግ ነገር እሱ ነው፣ ዳርላ።"

ፊቱን አየሁት። እንዲያ ሲበራ አይቼው አላውቅም። ለስላሳው የእሷ፣ ጠንካራው የእሱ። ከዚያ የሁለት የቡና ጣሳ ክዳኖች ከነአባቴ ጽሕፈት ዓይኔ ላይ ድቅን አሉ። ያቺ አሮጊት ያስለወጠችኝ እኔን ለማረጋጋት አልነበረም።

ዝም ብል እችል ነበር። ለዚህ ሽማግሌ የቀረችውን አንዲት ኩራት መንካት አንጀቴን በላኝ። ነገር ግን አደራ አለብኝ፤ አጋዘኑም የባለቤቱ ነው። ከቦርሳዬ ኪስ አረሩን አወጣሁና ፊቱ ባለው ሳህን ላይ ጣልኩት።

ቅጭል አለ።

"ሰማሽ?" አለ አጎቴ። "ጠንካራው። የእኔ።"

"አጎቴ፣ አባዬ ቀለሆቹን ከመሙላቱ በፊት የጣሳዎቹን ክዳን ያለዋወጥኩት እኔ ነኝ" አልኩት። "እማማ ናት ያዘዘችኝ። ለአሮጊቷ የገባው ፊደሉ ነው። አንተ የተኮስከው ለስላሳውን፣ ቧንቧውን ነው።"

አልተቆጣም፤ አልተከራከረም። ቆይቶ ቀኝ እጁ ጠረጴዛው ላይ ወደ ፊት ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ፤ የጠመንጃ መፈተጊያ ዘንግ የያዘ ይመስል ነበር።

"ያ ሁሉ እርሳስ" አለ። "ሳምንቱን ሙሉ ፈተግኩት። በሙሉ ባሩድ ለስላሳ ተኩሼ፣ አፈሙዙ ላይ ተልጦ ቀርቶ... ያ እንኳን አጋዘን ተራራም አይመታ።" የሰዓቱን ሰንሰለት ሳበና ጥርሷን መዳፉ ላይ አኖረ። "ለድካምህ አለችኝ። አውቃ ነው ለድካምህ ያለችኝ።"

ያለቅሳል ብዬ ፈርቼ ነበር። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ እጁን ያዝኩት፤ ሳቅ ነበር። ከሆዱ እየሳቀ፣ እንባው በሽበቱ ላይ እየወረደ፣ "እንኳንም ሳትኩ" አለ። "እንኳንም ሳትኩ። አይ አሮጊቷ።"

"የትኛዋ?" አልኩት።

"ጉሮሮዋ የተበላው" አለና አረሩን አንስቶ እንደገና ሳህኑ ላይ ጣለው።